ሰምዬ የቀላችበት እሁድ

ጠዋት ጠዋት ሰምዬ የምትውጠው እንክብል ከምትበላው ቁርስ ይበልጥ ነበር። በማድ ቤቷ መደርደሪያ ላይ፣ ከስኳር ዕቃው ጀርባ፣ ጠርሙሶቹ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ቆመዋል። አንዱ ለቆዳ፣ አንዱ ለፀጉር፣ አንዱ ለመገጣጠሚያ ነው። ክዳኑ ሲነሳ ዓሣ ዓሣ የሚሸት ዘይትም አለ። በትልቁና በውዱ ጠርሙስ ላይ ደግሞ አንዲት ሴት አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ ትስቃለች፤ ከሥሯ «እርጅናን ያዘገያል» ተብሎ ተጽፏል። ሰምዬ እሱን ስትውጥ ዓይኖቿን ጨፈን ታደርጋለች። ያያት ቢኖር የምትጸልይ ይመስለው ነበር። እውነቱን ለመናገር ከጸሎት ብዙም አይርቅም።

ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። የምትወደው ሰው አርባ ሁለት።

«ሰምዬ» የሚለውን ስም ያገኘችው ከሥራዋ ነው። ከአንድ ጥርስ ሐኪም ክሊኒክ በስተጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች። ሰሙን በትንሿ ነበልባል ላይ ታለሰልሳለች፣ በጣቷ ጫን ጫን እያደረገች ድድ ታስመስለዋለች፣ ከዚያ ጥርሶቹን በየተራ ትተክልበታለች። ጠረጴዛዋ ላይ ሁልጊዜ ፈገግ ያሉ የጀሶ አፎች አሉ፤ ባለቤቶቻቸው ግን የሉም። ቀኑን ሙሉ እርጅናን በእጇ ስትዳስስ መዋሏ ይሁን፣ ወይም ባለቤቷ የነበረው ሰው ከዓመታት በፊት ለአንዲት ወጣት ብሎ ጥሏት መሄዱ፣ ብቻ መስተዋት ፊት በቆመች ቁጥር ዓይኗ መጀመሪያ የሚያርፈው አንገቷ ላይ ነው።

ሰውየው የጂኦግራፊ መምህር ነው። ተማሪዎቹ «ካርታ» ይሉታል፤ ስሙ እየሰፋ ሄዶ አባቱ ሳይቀሩ ካርታ ይሉት ጀምረዋል። ካርታ ይባል እንጂ እንደሱ መንገድ የሚጠፋበት ሰው አይገኝም። ሽማግሌ አባቱን ለጥርስ ያመጣ ዕለት የክሊኒኩን በር ስቶ በጓሮ በኩል ዞረና የሰምዬን በር ከፈተ።

«ይቅርታ፣ ክሊኒኩ ይሄ ነው?» አላት፣ በጀሶ አፎቹ እየተደናገጠ።

ሰምዬ ከሥራዋ ቀና ሳትል፣ «ይሄ የጓሮ በር ነው። የጠፋብዎት ጥርስ ነው ወይስ መንገድ?» አለችው።

ከበስተኋላው ሽማግሌው ባዶ አፋቸውን ከፍተው ሳቁ። «እኔ ጥርስ፣ እሱ መንገድ!»

ያኔ ነው ቀና ያለችው። ካርታ ሊስቅ ፈልጎ አፍሮ፣ ሊያፍር ፈልጎ ስቆ፣ ሁለቱንም ባንዴ ይዞ ቆሟል። እንዲህ ያለ ፊት አይታ አታውቅም። እንደ ዋዛ ያነሳችው ዓይን ሳይመለስ ቀረ።

የአባባ ጥርስ በመጀመሪያው ልኬት ልክክ ብሎ ነበር። ካርታ ግን በየሳምንቱ ይዟቸው ይመጣል። «ጥርሱ አባባን ጎን ጎኑን ይቆረቁራቸዋል» ይላል። አባባ ደግሞ፣ «እኔ መቼ አልኩ?» ይላሉ። «ብለዋል እንጂ!» ይላል። «እሺ፣ ብያለሁ» ይሉና ወንበር ስበው ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ሁለቱን እያፈራረቁ ያያሉ፤ በአዲሱ ጥርሳቸው ፈገግታቸው ሙሉ ሆኗል። በኋላ በኋላ አባባ ቤት መቅረት ጀመሩ። ካርታ ብቻውን መጣ። ከሥራ በኋላ አብረው በእግራቸው ይሄዳሉ፤ የሱቆቹ መብራት ሲበራ፣ የአውቶቡሶቹ ሰልፍ ሲረዝም እያዩ፣ መለያየቱን ከዚህኛው መታጠፊያ ወደዚያኛው እያስተላለፉ።

ከእነዚህ ምሽቶች በአንዱ ነው ካርታ ሳያስበው፣ «እኔና አንቺ እኩያ ሳንሆን አንቀርም» ያላት።

ሰምዬ ፈገግ ብላ ዝም አለች። ዝምታዋ ከአንዲት ቃል አይበልጥም ነበር፤ ግን ማግስቱን ሰውነቷ ላይ ከበዳት። ጠርሙሶቹ መከማቸት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። በዘጠኝ ዓመት ልዩነት ላይ ድልድይ የምትሠራ መሰላት፤ በእንክብል።

የምትገዛው ከሰፈሯ ርቃ፣ ማንም ከማያውቃት ፋርማሲ ነው። ጥቁር መነጽር አድርጋ ትገባለች። ፋርማሲስቷ ሽበቷን በአጭሩ የተቆረጠች፣ መነጽሯን በማንጠልጠያ ደረቷ ላይ ያወረደች፣ ፈርጠም ያለች ሴት ነች። አንድ ቀን ጠርሙሶቹን ከረጢት ውስጥ እየከተተች፣ «እመቤት፣ ይሄን ሁሉ ባንድ ላይ መውሰድ ጥሩ አይደለም። ሐኪም አማክረው ነው?» አለቻት።

«ለእናቴ ነው» አለች ሰምዬ ፈጠን ብላ።

«እናትዎ ታድለዋል» አለች ፋርማሲስቷ፣ እያየቻት።

ካርታ ስለ እህቱ ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል። እናታቸው በልጅነቱ ስትሞት ያሳደገችው እሷ ነች። «እትዬ» ይላታል። ሥራዋ መድኃኒት ቤት ውስጥ መሆኑን ሲነግራት የሰምዬ ልብ ድንግጥ አለ፤ ወዲያው ግን በዚህ ሰፊ ከተማ ስንት ፋርማሲ አለ ብላ ራሷን አጽናናች።

«እትዬ እሁድ ለምሳ ትምጣ ብላለች» አላት ካርታ አንድ ቀን። «አትፍሪ። ስትጠይቅ ትከብዳለች እንጂ ልቧ ቅቤ ነው።»

«ምን ብላ ነው የምትጠይቀኝ?»

«ያው... ካገባህ ልጅ የምትወልድልህን ትላለች። ሁልጊዜ የምትለው ነው። አንቺ ልብ አትበይው።»

ሰምዬ ልብ አለችው። ያን ማታ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ የወደደችውን ሰው ሳይሆን ያላየቻትን እህቱን ስታስብ አመሸች፤ ፍርሃቷም እንደ ክረምት ብርድ በየት በኩል እንደገባ ሳይታወቃት አጥንቷ ድረስ ዘለቀ።

እሁድ ደረሰ። ሰምዬ ጠዋት ምንም መብላት አቃታት። ሰማያዊ ቀሚሷን ለበሰች፣ አወለቀች፣ እንደገና ለበሰች። በዚያ ሰሞን የገዛችው አዲስ ጠርሙስ ነበር፤ «ናያሲን» የሚባል ቫይታሚን ነው፤ «ደም ያንቀሳቅሳል፣ ለፊት ወዝ ይሰጣል» ይላል። በቀን አንድ ብቻ ተብሎም ተጽፎበታል። ሰምዬ ግን ለዛሬው ፊት አንድ የሚበቃ አልመሰላትም። ታክሲ ውስጥ ሆና ሦስት እንክብል ባንዴ ዋጠች። ወዝ ካለ ዛሬ ይምጣ!

የእትዬ ቤት ደረጃው ያጠረ፣ በረንዳው በአበባ ማሰሮ የተሞላ ነው። ደጃፉ ላይ ሲጠብቃት የነበረው ካርታ በሩን አንኳኩቶ ወደ ጎን ገለል አለላት። በሩ ተከፈተ።

አጭር ሽበት። በማንጠልጠያ የተንጠለጠለ መነጽር።

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ለቅጽበት ነው፤ ሰምዬ ግን ዕድሜ ልኳን የቆመች መሰላት። ፋርማሲስቷ እጇን ዘርግታ ጨበጠቻት፣ ስባ ሳመቻት፣ በጆሮዋም ዝግ ብላ፣ «እናትዎ እንዴት ናቸው?» አለቻት።

ሰምዬ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ያዘች። «ደ... ደኅና ናቸው።»

«ምን ትንሾካሾካላችሁ?» አለ ካርታ ደስ ብሎት። «እንዲህ ቶሎ ትዋደዳላችሁ ብዬ አልጠበቅኩም!»

ገበታው ላይ ዓሣ፣ ሩዝና ሰላጣ ቀርቧል። አባባ በራስጌ በኩል ተቀምጠው ዓሣውን በአዲሱ ጥርሳቸው ይቆረጥማሉ፤ በየጉርሻው መሀል፣ «የሷ ሥራ ነው፣ የሷ ሥራ!» እያሉ ጥርሳቸውን መታ መታ ያደርጋሉ። ካርታ ከጠረጴዛው ማዶ ሆኖ ያያታል። ዓይኑ ውስጥ ኩራት አለ። ያ ኩራት ነው ይበልጥ ያስጨነቃት።

እትዬ ሩዝ እየጨመረችላት፣ «እኔ ምልሽ፣ ትምህርት የጨረስሽው በየትኛው ዓመት ነው? ምናልባት የማውቃቸው እኩዮችሽ ቢኖሩ ብዬ ነው» አለች። ጥያቄው ትሁት ነው። ከትሕትናው ሥር ያለውን ግን ሰምዬ አላጣችውም።

መልስ ልትሰጥ አፏን ስትከፍት ነው ጉዱ የፈላው።

መጀመሪያ ጆሮዋ ሞቀ። ከዚያ አንገቷ። ከዚያ ሙቀቱ እንደ ተደፋ ውኃ ደረቷ ላይ ወረደ፣ ወደ ጉንጮቿ ወጣ፣ ግንባሯ ላይ ደረሰ። ቆዳዋ ይለበልባት፣ ያሳክካት ጀመር። በአጠገቧ ባለው የመስኮት መስተዋት ውስጥ ፊቷን አየችው፤ ቲማቲም መስሏል። ክንዶቿ ሳይቀሩ ቀልተዋል።

አባባ ሹካቸውን አስቀመጡ። «ኧረ ሰምዬ ቀለጠች!»

ካርታ ከወንበሩ ብድግ አለ። «እትዬ! ምን ማለትሽ ነው? ሰው እቤትሽ ጠርተሽ እንዲህ ታሳፍሪያለሽ?»

«እኔ ምን አልኩ?»

«ምን አልኩ ትላለች እንዴ! እያት እስቲ!»

«አይደለም... እሷ አይደለችም...» አለች ሰምዬ። ሌላ ቃል አልወጣላትም። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ወደ መታጠቢያ ቤት ሮጠች። እንዲህ ያለ ውርደት ከየት ታዘዘብኝ ስትል እንባዋ በጋለው ጉንጯ ላይ ቀዝቀዝ ብሎ ወረደ።

በሩ ተንኳኳ። እትዬ ነች፤ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ፎጣ ይዛለች። ፎጣውን አንገቷ ላይ አደረገችላት፣ እጇን ያዘች፣ ትርታዋን አዳመጠች። የእህት ሳይሆን የባለሙያ ፊት ነበራት።

«ትንፋሽ ያጥርሻል? ጉሮሮሽን ያንቅሻል?»

«አይ። ይለበልበኛል ብቻ።»

«ምንድን ነው የዋጥሽው?»

ሰምዬ ቦርሳዋን ከፍታ ጠርሙሱን ሰጠቻት። መዋሸት ደክሟት ነበር።

«ስንት?»

«ሦስት። ሳልበላ።»

እትዬ ጠርሙሱን አየች። ሰምዬን አየች። ከንፈሯን ነከሰች፤ ግን ሳቁ አመለጣት። እንደ ምንም ልትመልሰው ሞከረች፣ አልሆነም። «በሞትኩት! አትሞችም፤ ትንሽ ቆይቶ ይተውሻል። ደም ሥሮችሽን ከፍቶ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ወዝ ይሰጣል ሲሉ... ይኸው ሰጠሽ!»

ሰምዬም ሳትፈልግ ሳቀች። ሁለቱ የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ አንዷ ቀልታ፣ አንዷ ዓይኗን እየጠረገች፣ ሳቁ ሲበርድ እንደገና እየተያዩ ሲጀምራቸው፣ ውጪ ያሉት ምን ይሉን ይሆን ብለው አፋቸውን እያፈኑ ሳቁ።

«ጥፋቱ ግማሹ የእኔ ነው» አለች እትዬ በመጨረሻ። «የሸጥኩልሽ እኔው ነኝ። ለእናቴ ነው ስትይ አላመንኩሽም፤ ግን ዝም አልኩ። ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እኔም ሃምሳ ሲሞላኝ ከመደርደሪያዬ ላይ ያልቀመስኩት አልነበረም። ፋርማሲስት ነኝ እኮ! የሚሆነውንና የማይሆነውን አውቃለሁ። ማታ ማታ ግን በሩን ዘግቼ እውጠው ነበር።»

«ሠራልሽ?»

«ይኸው ታዪኛለሽ» አለች ሽበቷን በመዳፏ ዳሰስ አድርጋ። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ስንት ዓመትሽ ነው፣ እህቴ?»

«ሃምሳ አንድ።»

እትዬ ዓይኗን ወደ ወለሉ ጣለች። ልጅ የመውለዱን ነገር እያሰበች እንደሆነ ሰምዬ ገባት። ልትናገር ስትል እትዬ ቀደመቻት። «እሱ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እኔ አልነግረውም። ያሳደግኩት ልጅ ነው፣ ለእሱ የማልመው ብዙ ነበር፤ ያን አልደብቅሽም። ግን ይሄ የኔ አይደለም። አንቺ ንገሪው።» ፎጣውን ከአንገቷ አንስታ በሌላኛው ጎኑ ገልብጣ መለሰችላት። ሰምዬ ከእናቷ ሞት በኋላ በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ የዳሰሳት ሰው ስላልነበረ ሆዷ ባባ።

ወደ ገበታው ስትመለስ ፊቷ ገና እንደቀላ ነው። አልተቀመጠችም። የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ቆመች።

«እትዬ አላስቀየመችኝም» አለች። «የቀላሁት ክኒን ውጬ ነው። ለፊት ወዝ ይሰጣል ተብሎ የሚሸጥ ነው። ቤቴ ውስጥ እርጅና ያዘገያል የተባለ ሌላም ብዙ አለ። በየቀኑ እውጣለሁ። ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው።»

የመጀመሪያውን ድምፅ ያሰሙት አባባ ናቸው። «እንዲህ ያለ መድኃኒት አለና ለእኔ አትነግሩኝም? ሰማንያ ሞልቶኝ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሜ፣ እሷ ትውጠዋለች እንዴ?»

እትዬ ሳቀች። ሰምዬም ሳቋ ሊመጣ ነበር፤ ካርታ ግን አልሳቀም። እያያት ነው። ያ ኩራት ከዓይኑ ውስጥ ወጥቶ ሌላ ነገር ገብቷል፤ ስሙን ልታገኝለት አልቻለችም።

«ለምን?» አላት ቀስ ብሎ።

«እንዳትሄድብኝ።»

ቃሉ እንደ ምት አረፈበት። ጃኬቱን ከወንበሩ ላይ አነሳ። «ትንሽ በእግሬ ልሂድ» አለና ወጣ። በሩን በዝግታ ነው የዘጋው። ቢያላጋው ይሻላት ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቀናት ረዘሙ። ሰምዬ ሰም ታለሰልሳለች፣ ትጫነዋለች፣ ልኩ ይስታታል፣ ታፈርሰዋለች። ስልኳ ላይ «ይቅር በለኝ» ብላ ትጽፋለች፣ ትሰርዘዋለች። «ናፈቅከኝ» ትላለች፣ ትሰርዘዋለች። አንዳንዴ እሱም በዚያኛው ወገን እየጻፈ እንደሆነ ስልኳ ያሳያታል፤ ትንፋሿን ውጣ ትጠብቃለች። ከዚያ እሱም ያቆማል። ያልተላኩት መልእክቶች በሁለቱ መካከል ተንጠልጥለው እንደቀሩ ይሰማታል፤ እሱ በጻፋቸው ትቀና ነበር፣ ቢያንስ ጣቱ ነክቷቸዋል።

እትዬ ደወለች። «ያለሽን ሁሉ በከረጢት አድርገሽ ነይ።»

ሰምዬ በዚያ ቀን ያለ ጥቁር መነጽር ነው ወደ ፋርማሲው የገባችው። እትዬ ጠርሙሶቹን ባንኮኒው ላይ ደረደረች፤ በየተራ እያነሳች፣ «ይሄ አይጠቅምም፣ አይጎዳም። ይሄ በዚህ ብዛት ጉበት ይጎዳል፣ ወዲያ በይው። ይሄኛው ለአጥንት ነው፤ መጀመሪያ ግን ደምሽን ተመርመሪ፣ ከጎደለሽ ሐኪሙ ያዝልሻል። እርጅና የሚያቆም ግን እዚህ ውስጥ የለም። ቢኖር ኖሮ እኔ ባንኮኒ ጀርባ አልቆምም ነበር» አለቻት። ሰምዬ ፈገግ አለች። የሳቂታዋ ሴት ጠርሙስ ወደ ቅርጫት ሲገባ ግን፣ ያን ሁሉ ተስፋ ያደረገችበትን ነገር እንደ መቅበር ሆነባት።

«ደውሎልሻል?» ብላ ጠየቀች፣ ዓይኗን ሳታነሳ።

«መጥቶ ነበር። ተቀይሟል፣ ክፉኛ ተቀይሟል። በዕድሜሽ ግን አይደለም።» እትዬ መነጽሯን አወለቀች። «የቀረውን ከራሱ አፍ ስሚ። እኔ ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ብናገር በሁለታችሁ ነገር እስማማለሁ ብዬ ነው የምጀምረው።»

ሰምዬ የመጨረሻውን ቃል ለመረዳት ጥቂት ወሰደባት። ስትረዳው ባንኮኒውን ዞራ አቀፈቻት፤ ስትወጣ እግሯ መሬት የነካ አልመሰላትም።

በማግስቱ ሥራ ላይ እንዳለች ተነሳች። ሽርጧን አላወለቀችም፤ እጅጌዋ ላይ የጀሶ ብናኝ እንዳለ ታክሲ ያዘች። ትምህርት ቤቱ ስትደርስ የምሳ ዕረፍት ነበር። ግቢው በጫጫታ ሞልቷል። የሚጫወቱትን እያቋረጠች፣ ኳስ እያመለጠች፣ በየክፍሉ በር አንገቷን እያስገባች ሄደች። በኮሪደሩ ጫፍ ባለው ክፍል ውስጥ አገኘችው። ጀርባውን ሰጥቶ ሰሌዳ ያጠፋል። የጠፋውን ቦታ ደጋግሞ ያጠፋል።

«መምህር» አለችው።

ዞረ። ዓይኑ ሲያርፍባት ፊቱ ላይ ደስታ ብልጭ አለ፤ ወዲያው ሊሸሽገው ሞከረ። እሷ ግን አይታዋለች።

«ልቀመጥ?»

«ተቀመጪ።»

የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጉልበቷ ከጠረጴዛው ሥር አልገባም። «ተቆጥተህብኛል» አለች።

«አዎ።»

«ስለዋሸሁህ?»

«አልዋሸሽኝም። ዕድሜሽን አልጠየቅኩሽም።» ማጥፊያውን አስቀመጠ። «ሰምዬ፣ ስንት ዓመትሽ እንደሆነ መስማቴ አይደለም የቆረቆረኝ። ጠዋት ጠዋት ያን ሁሉ ስትውጪ ማንን ነበር የምታስቢው? እኔን አይደል? አንድ ቀን ፊትሽን አይቶ፣ በር ዘግቶ የሚሄደውን እኔን! እኔ ማታ ካንቺ ተለይቼ ስሄድ የማስበው የት ቤት እንደምንከራይ ነው። መስኮቱ በየት በኩል ቢሆን ደስ እንደሚልሽ ነው። አንቺ ደግሞ በዚያው ሰዓት ስሄድብሽ ታዪ ነበር። ከማን ጋር ነበር የምትሄጂው? ከእኔ ጋር ነው ወይስ ጥሎሽ ከሄደው ባልሽ ጋር?»

ሰምዬ እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። 

«ከእሱ ጋር» አለች። «እውነትህን ነው። ከእሱ ጋር ነበር። ሲሄድ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ምንም። ምሳ እየበላን ነበር። ቀና ብሎ አየኝ፣ ለረጅም ጊዜ አየኝ፣ ከዚያ ተነስቶ ሻንጣውን አነሳ። ያን ቀን ፊቴ ላይ ምን እንዳየ እስከዛሬ አላወቅኩም። ከዚያ ጀምሮ ፊቴን እጠብቀዋለሁ፤ እንደ ሌባ እጠብቀዋለሁ። አንተ ስታየኝ፣ ስትወደኝ፣ ዓይንህ ውስጥ የማየው የእሱን ዓይን ነበር። የእሱን ጥፋት አንተ ላይ ላከክሁ። ይቅር በለኝ። ዕድሜዬን ስለደበቅኩ አይደለም፤ አንተን ሳላይህ ስለቀረሁ ነው።»

ካርታ መጥቶ ከፊቷ ያለው ወንበር ላይ ወደ እሷ ዞሮ ተቀመጠ። የእሱም ጉልበት አልገባም።

«እኔም የምነግርሽ አለ» አለ። «ዝም ያልኩት ለመቅጣት አይደለም። ልጅ እመኝ ነበር። አሁንም ሕፃን አዝሎ የሚሄድ ሰው ሳይ ልቤ ይከተለዋል፤ አልዋሽሽም። ያን ዕለት እዚያው ቆሜ ‹ምንም አይደል› ብልሽ ኖሮ ታምኚኝ ነበር? አታምኚኝም። በየቀኑ ዓይኔን እያየሽ ጸጸቱን ትፈልጊ ነበር። ስለዚህ ሄድኩና አሰብኩበት። በደንብ አሰብኩበት። ስለ እሱ አለቀስኩም።»

«ያን ልሰጥህ አልችልም» አለች። 

«አውቃለሁ። አስቤ ጨርሻለሁ እያልኩሽ ነው። አንቺ የሌለሽበትን ሕይወት ባየሁት ቁጥር ባዶ ቤት ነው። ልጅ ቢኖርበትም ባዶ ነው።»

«ሰባ ሲሞላኝስ?»

«እኔ ስልሳ አንድ እሆናለሁ። ጉልበቴን ያመኛል። አንቺ ደግሞ ተነስ፣ አትነጫነጭ ትይኛለሽ።»

«ብታመምስ? ቀድሜህ ብሞትስ?»

«አለቅሳለሁ» አለ። ፈገግ አላለም። «አብዝቼ አለቅሳለሁ። ግን እዚያ እስክንደርስ ድረስ ያለው ሁሉ የእኔ ነው፤ እሱን በፍርሃት አትቀንሺብኝ። የምለምንሽ ይሄን ብቻ ነው።»

ሰምዬ እንባዋ ጠረጴዛው ላይ ሲወድቅ አልጠረገችውም። ካርታ እጇን ያዘ። ጀሶው በጣቶቹ ላይ ነጭ ሆኖ ቀረ።

«አግቢኝ» አላት።

«እዚህ? በሽርጥ?»

«ሽርጡን ማውለቅ ትችያለሽ።»

ሳቀች። እያለቀሰች ሳቀች። «እሺ» አለች። ከዚያ የሰማው ስላልመሰላት ጮክ ብላ፣ «እሺ አልኩ!» አለች።

የሰማው እሱ ብቻ አልነበረም። በመስኮቱ በኩል የተጠጋጉ ራሶች ነበሩ፤ አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ የተንጠላጠለ፣ አፍንጫውን በመስተዋቱ ላይ የደፈጠጠ። «እሺ አለች!» የሚል ጩኸት ከኮሪደሩ ተነስቶ ግቢውን አዳረሰ። ፉጨት፣ ጭብጨባ፣ የጠረጴዛ ድብደባ ሆነ። ካርታ ለመቆጣት ተነሳ፤ «ምንድን ነው ይሄ! ወደ ክፍላችሁ!» ለማለት ሞከረ፤ ግን ፊቱ ከጆሮ እስከ ጆሮ ስቆ ስለነበር ማንም አልፈራውም። ሰምዬ ቆዳዋ ሲሞቅ ተሰማት። በዚህኛው ጊዜ የዋጠችው ነገር የለም።

ደወሉ ተደወለ። ተማሪዎቹ እየተጋፉ፣ እሷን በጎን እያዩ፣ እየተጎሻሸሙ ገቡ።

«ልሂድ» አለች ሰምዬ ለመነሳት እየሞከረች።

«ቆይ» አላት። «ይሄ የዛሬ የመጨረሻ ክፍለ ጊዜዬ ነው። አብረን እንወጣለን።»

ከኋላ ባለው ወንበር ላይ፣ በሁለት ልጃገረዶች መካከል ተቀመጠች። አንዷ ደብተሯን አስጠግታ እንድታይ ሰጠቻት። የዕለቱ ትምህርት ስለ ወንዞች ነበር። ካርታ ሰሌዳው ላይ ከተራራ የሚነሳ ቀጭን መስመር ጀመረ፣ ወደ ሜዳው አወረደው፣ እያጠማዘዘ አሰፋው። ሁለት ጊዜ ቃል ጠፋበት፤ ሁለቱንም ጊዜ ወደ ኋላ ወንበር ስላየ ነው፤ ክፍሉም ሁለቱንም ጊዜ ሳቀ። ከሰዓት በኋላው ብርሃን በመስኮቱ ገብቶ የጠመኔውን ብናኝ እያበራው ነበር። ሰምዬ አገጯን በመዳፏ አስደግፋ ታዳምጣለች። ስለ ወንዝ የሚለውን ግማሹን አልሰማችም፤ ድምፁን ነው የምትሰማው።

ሰዓቱ እየሄደ እንደሆነ ታውቃለች። ትምህርቱ ባያልቅ፣ እንዲሁ ቢያወራ ብላ ተመኘች። ደወሉ ሲደወል ግን አልከፋትም፤ እሱ እጁ ላይ ያለውን ጠመኔ እያራገፈ፣ በወንበሮቹ መሀል ወደ እሷ ይመጣ ነበር።